ስድስት ወር ያለ አንዲት መቋረጥ

ሀርጌሳ፣ ኮድቡር
ዓርብ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢርፋን፣
አንካራ

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታ የአላህ ሐቅ ነውና አልነፍግህም። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣውን ግን፣ ጤናህ እንዴት ነው፣ ምግቡ ተስማማህ ወይ የሚለውን፣ ዛሬ ከእኔ አትጠብቅ። ተቆጥቻለሁ። ይበርድልኛል ብዬ አምስት ቀን ሙሉ ጠበቅሁ፤ አልበረደልኝም።

ስልክ ያልደወልኩት ስለማውቅህ ነው። ድምፄን ገና ስትሰማ "እታለም" ትለኛለህ፤ ያኔ ሆዴ ይባባና የደወልኩበትን ነገር ሳልናገር እዘጋለሁ። ደብዳቤ ግን ሰው አፉን ሳይዘው እስከ መጨረሻው ይናገራል። ይህን የሚያደርስልህ አደን የሚባል ነጋዴ ጎረቤታችን ነው፤ ለዕቃ ግዢ ቱርክ ይመላለሳል። በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ። አብሮት በጨርቅ የተጠቀለለው ያንተው አንቴና ነው። ጣሪያ ላይ የሰቀልኩትም እኔ፣ ያወረድኩትም እኔ፣ አሁን የምመልስልህም እኔ።

ባለፈው እሑድ አለቃዬ አብሺር ቢሮው አስጠራኝ። ዳሚ ሰፈር ውስጥ ምሰሶ ላይ ወጥቼ ኬብል ስቀይር ነበርና ከነአቧራዬ ገባሁ። አብሺር፣ እንደነገርኩህ፣ ይህችን የኢንተርኔት ድርጅት ከባዶ ያቆመ፣ ጥርሱን በቀላሉ የማያሳይ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለኝ።

"ፈዲላ፣ ስምሽ እኮ ዓለምን ዞረ!" አለኝና አንድ ከአንካራ የተላከለት ባለቀለም የማስታወቂያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ።

የአንቴናው ፎቶ አለ። ያንተም ፎቶ አለ፣ ከረባት አድርገህ። አምሮብሃል። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ ከፎቶው ስር ያለውን እንግሊዝኛ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ሀርጌሳ ውስጥ፣ በአንድ ክሊኒክ ጣሪያ ላይ፣ ለስድስት ወር ተሞክሮ ያለ አንዲት መቋረጥ ሠርቷል ይላል። ሙከራውን ያረጋገጠችው ቴክኒሻን ብሎ የእኔን ስም ጽፏል። ገልበጥ ሳደርገው ፊርማዬ ቁጭ ብሏል።

አብሺር ፊቴን አላየም። አንድ ፋብሪካ ሊያመርተው እንደሆነ፣ እሱም አርባ ፍሬ ሊያዝ እንደተስማማ፣ ከሼክ ኑር ሰፈር እስከ በርበራ በየክሊኒኩና በየትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ እንደምንሰቅለው ይነግረኛል። በርበራ፣ ኢርፋን! በሐምሌ በርበራ ላይ የመኪና በር በባዶ እጅ አይከፈትም።

"ደስ አላለሽም እንዴ?" አለኝ።

"ውሃ ልጠጣ" ብዬ ወጣሁ።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ። አውቀዋለሁ አትበለኝ። አንተ የምታውቀው የሚስማማህን መርጠህ ነው።

የሼክ ኑሯ ክሊኒክ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ያለች፣ ሁለት ክፍልና የቆርቆሮ ጣሪያ ናት። ሞባይል የሚይዘው ኮረብታው ጫፍ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ከከተማው ሆስፒታል ሐኪም ጋር የሚያገናኛት እኛ በማይክሮዌቭ ሞገድ የዘረጋንላት መስመር ነው፤ አዋላጇ ሀሲና የምትደውለውም፣ ምስል የምትልከውም በእሱ ነው። ከማዶ የሌላ ድርጅት ማማ ከተተከለ ወዲህ ግን መስመሩ ይታመም ጀመር። የማማው ሞገድ ከእኛ ሞገድ ጎን ለጎን ነው፤ ጉልበቱ ግን ከእኛው እጅግ ይበልጣል። አንቴና ምስኪን ነው፣ የደረሰውን ሁሉ ይሰማል፤ ከዚያ ውስጥ የእኛን ለይቶ የሚያሳልፈው ፊልተሩ ነው። የነበረን ፊልተር ደግሞ ጡብ የሚያህል ብረት ነው። ከአንቴናው ስር ታስሮ በኬብል ይገናኛል፤ በየመጋጠሚያው ሞገዱ ይባክናል፣ ሲዘንብ ውሃ ይገባዋል። ቢሆንም ይሠራ ነበር። እያነከሰም ቢሆን ይሠራ ነበር።

ይህን ሁሉ በስልክ ስነግርህ "እታለም፣ እኔ የማጠናው እኮ ይህንኑ ነው!" ብለህ ጮኽክ። ፊልተሩንና አንቴናውን አንድ ላይ፣ መዳፍ በምታክል ሰሌዳ ላይ፣ በመካከላቸው ኬብል ሳይኖር። ታኅሣሥ ላይ ዕቃው ደረሰኝ። ሳጥኑን ስከፍት ማሻአላህ ነው ያልኩት። ከኮምቦልቻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ሃያ ዓመት አለፈኝ፤ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ በእጄ ይዤ አላውቅም። የመዳቡን ቅርጾች አንድ በአንድ በዓይኔ ተከተልኳቸው፤ የፊልተሩ የመጨረሻ እርከን ራሱ አንቴናው መሆኑ ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ያ እኔ ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ ነው ይህን ያሰበው አልኩ።

ታኅሣሥ 10 ሰቀልኩት። ጥርንና የካቲትን መስመሩ ኮለል ብሎ ሠራ። ሀሲና "ሐኪሙ አጠገቤ የተቀመጠ ነው የሚመስለኝ" አለችኝ። ይህን አልክድህም። ለአብሺርም ይህን አስቀድሜ ነው የነገርኩት።

መጋቢት ላይ ፀሐይዋ ጠነከረች። ከዚያ ወዲያ መስመሩ እኩለ ቀን ላይ፣ በዙሁር፣ ይጠፋል፣ ከሰዓት በኋላ አሱር ሲሰገድ ይመለሳል። መጀመሪያ የመብራት ችግር መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን አንቴናው ያለበት ሳጥን ውስጥ ቴርሞሜትር አስገባሁ፤ ስልሳ ስምንት ዲግሪ! ያኔ ገባኝ። ሰሌዳው ሲግል ፊልተሩ የሚያሳልፈው ሞገድ ከቦታው ይንሸራተታል፤ የእኛ ውጭ ይቀርና የማዶው ማማ ይገባል። አሮጌው ቢሆን ፊልተሩን ለብቻው ፈትቼ፣ አስተካክዬ እመልሰው ነበር። ያንተ ግን አንድ አካል ነው፤ ፊልተሩ ሲታመም አንቴናውም አብሮ ይታመማል፣ የምፈታው ብሎን የለውም። ነጭ ቀለም የቀባሁት የቆርቆሮ ጥላ ሠራሁለት። ግማሽ ሰዓት ብቻ አተረፍኩ።

ያን ቀን ደወልኩልህ። የተባባልነውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

"ሥራህ ግሩም ነው፤ ሰሌዳው ግን ይህን ፀሐይ አይችልም። ሙቀት የማይለውጠው ሰሌዳ ፈልግለት" አልኩህ።

"ሰሌዳ ከቀየርኩ ልኬቱ ሁሉ እንደ አዲስ ነው፤ አንድ ዓመት ይፈጅብኛል።"

"ይፍጅ!"

"እታለም፣ ስኮላርሺፑ በነሐሴ ያልቃል። እባክሽ እስከ ሰኔ ድረስ እዚያው ይቆይልኝ፣ ስድስት ወር እንዲሞላ። የመስመሩን መረጃ ደግሞ የጠዋቱንና የማታውን ብቻ ላኪልኝ።"

እኔ የላክሁልህ ሁሉንም ነው። ቀኑንም ማታውንም፣ የጠፋበትን እያንዳንዷን ደቂቃ። ዕቃው ግን እዚያው ቆየ። አሮጌው ፊልተር መጋዘናችን መደርደሪያ ላይ ነበር።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ ነው። ይመኙሻል የምትባል የአገራችን ልጅ፣ እዚያው ሼክ ኑር ከቆርቆሮ ቤቶቹ በአንዱ የምትኖር፣ ምጥ ይዟት ክሊኒኳ መጣች። ባሏ ዘነበ ከበርበራ ወደ ቶጎ ውጫሌ ዱቄት የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ያን ቀን መንገድ ላይ ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሀሲና የሕፃኑ የልብ ምት ሲወርድ ሰማች። ወደ ሐኪሙ ልትደውል ስትል መስመር የለም። ጠበቀች፣ ደግማ ሞከረች፣ የለም። ሴትዮዋን ለጽዳት ሠራተኛዋ ትታላት በዚያ ፀሐይ ኮረብታውን በሩጫ ወጣች። ሐኪሙን አገኘችው። በጎኗ አስተኚያት፣ ግሉኮስ ስቀይላት፣ አሁኑኑ መኪና እልካለሁ አላት። ሀሲና ተመልሳ ስትደርስ ግማሽ ሰዓት ሄዷል። መኪናው ሲመጣ ደግሞ ከዚያ በላይ። ሕፃኑ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ሞተ። ወንድ ልጅ ነበር። ይመኙሻል ተረፈች።

ሀሲናን ጠይቄያታለሁ። "መስመሩ ቢኖርም ላይተርፍ ይችል ነበር፤ አላሁ አዕለም፣ አላህ ነው የሚያውቀው" ትለኛለች። ሐኪሙም እንዲያ ብሏል። እኔም አላውቅም፣ አንተም አታውቅም። ያ ግማሽ ሰዓት ግን የይመኙሻል ነበር። ማን ነው የወሰደባት?

እኔ የሰማሁት ከአሱር በኋላ ነው። አሮጌውን ፊልተር ከነአንቴናው አቅፌ በባጃጅ ሄድኩ፤ ቆርቆሮው ጉልበቴን እያቃጠለው ያንተን አውርጄ እሱን ሰቀልኩ። ከዚያ እዚያው ጣሪያው ላይ ተቀምጬ ደወልኩልህ። ሁሉንም ነገርኩህ። "ኢና ሊላሂ" አልክ። "አላህ ያጽናት" አልክ። እያለቀስክ መስሎኝ ጠበቅሁህ። ከዚያ ምን አልከኝ? ታስታውሳለህ?

"ሲወርድ ዕቃው ተጎዳ እንዴ?" አልከኝ።

ዕቃው ተጎዳ እንዴ! እኔ የአንዲት እናት ልጅ ሞተ እልሃለሁ፣ አንተ ስለ መዳብህ ትጠይቀኛለህ! እናታችን ስትሞት አምስት ዓመትህ ነበር። እጅህን እጄ ላይ አድርጋ ነው የሞተችው። የጎረቤት በግ ሲታረድ እንኳ አልጋ ስር ገብቶ የሚያለቅስ ልጅ ነው የተቀበልኩት። ያንን ልጅ የት አደረስከው? ማን ነው አንካራ ላይ የወሰደብኝ?

ከሳምንት በኋላ የሙከራውን ማረጋገጫ ቅጽ ላክህልኝ። "ቁጥሮቹን እኔ እሞላቸዋለሁ፤ አንቺ ፈርሚልኝ ብቻ።" ፈረምኩ። ከመጋዘን አንዲት ብሎን ሳወጣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቤ የምፈርም ሴት፣ ባዶ ቅጽ ላይ ፈረምኩልህ። አገልግሎት የሰጠበት ጊዜ የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። አራት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ብሎ ይሞላዋል፣ የቀን የቀኑን መጥፋት ይጽፋል፣ ሙቀቱን ይጽፋል ብዬ ነው። እንዲያ ብዬ እንደነበር ነው ለራሴ የምነግረው።

እሑድ ቤት ገብቼ ለኸሊፋ ነገርኩት። ባለቤቴ ላንተ ምን ያህል እንደሚሳሳ ታውቃለህ፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ የመመረቂያ ፎቶህን ሰቅሎ ለገዢው ሁሉ ያሳያል። እያዳመጠ ሻዩ ቀዘቀዘበት።

"የእናትሽ ልጅ ነው" አለኝ በመጨረሻ። "ሸፍኚው። ለአብሺር ለበርበራ አይሆንም በይው፤ ምክንያቱን አትንገሪው።"

"ለሼክ ኑርስ?"

"ለሼክ ኑርም አይሆንም በይው።"

"ለሌላ አገር ሲሸጡትስ? እዚያ ጣሪያ ላይ የሚሰቅለውን ሰው ማን ሊነግረው ነው?"

ተነስቶ ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት የመረጃውን ፍላሽ ይዤ አብሺር ፊት ቆምኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። አርባውን ሊያዝ ያዘጋጀው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ቀስ አድርጎ ገለበጠው።

"ይህ ፊርማ ያንቺ ነው?" አለኝ።

"የእኔ ነው።"

"ቀን ቀን እንደሚጠፋ ከመቼ ጀምሮ ታውቂ ነበር?"

"ከመጋቢት።"

"ከክሊኒኳ ጣሪያ ላይ መቼ አወረድሽው?"

ነገርኩት። ቢጮህብኝ በወደድኩ። አልጮኸም። "የማማዎቹን ቁልፍ አስቀምጪ" አለኝ። አስቀመጥኩ። አሁን መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ ያረጁ ኬብሎች እጠቀልላለሁ። በዚህ አብሺርን አላማም፤ አንተም እንዳታማው።

ለፕሮፌሰርህ የዚያኑ ቀን ሊጽፍ ነበር። ሰው ለምኜ የማላውቅ ሴት ለመንኩት። "ወንድሜ ራሱ ይናገር፤ ጊዜ ስጠው" አልኩት። እስከ ሐምሌ 10 ሰጥቶሃል። ስለዚህ ስማኝ። ከአንቴናው ጋር በዚያው ጨርቅ ውስጥ ፍላሽ አለ፤ ሙሉው መረጃ ነው። እሱን ይዘህ ፕሮፌሰርህ ቢሮ ትገባለህ። ስድስት ወር ያልኩት ውሸት ነው ትላለህ። ከመጋቢት ጀምሮ ቀን ቀን ይጠፋ ነበር፣ እህቴ ነግራኝ ነበር፣ ደበቅሁ ትላለህ። ይቆጡህ። ስኮላርሺፑም ይቅር። ና ወደ እኔ። ሰሌዳውን እዚህ ጣሪያ ላይ፣ እዚሁ ፀሐይ ላይ አብረን እንፈትነዋለን፤ አንድ ዓመት ቢፈጅ ሁለት ዓመት። አሳብህ ትክክል ነው፣ ኢርፋን። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው! ሥራው እውነተኛ ነው፤ ትንሽ ብትታገሥለት ኖሮ ማንንም ሳትዋሽ ባኮራኸን ነበር።

ካልሄድክ አብሺር ይጽፋል። የእኔ ቃልም አብሮ ይላካል። ምን እንዳየሁ፣ መቼ እንዳየሁ፣ ምን እንደፈረምኩ ተጽፎበታል። እሱን አንብቤ ነው የፈረምኩት።

እዚህ ላይ ላበቃ ነበር። ትናንት የሆነውን ግን ለማን ልንገረው?

ዘነበ መጋዘን ድረስ መጣ፤ የይመኙሻል ባል። ከዚያ በፊት ፊት ለፊት አይቼው አላውቅም፤ ቀጭን፣ ጺሙ ያልተላጨ፣ ገና ሰላሳ ያልሞላው ልጅ ነው። እርጥብ ማዳበሪያ ታቅፏል። ፈታ ሲያደርገው በረዶ ላይ የተጋደመ ትልቅ ዓሣ ነው።

"ከበርበራ ነው። ባዶ እጄን ከምመጣ ብዬ ነው፣ እትዬ ፈዲላ" አለኝ። ሥጋ ቢያመጣ እንደማልበላለት አስቦ መሆኑ ገባኝ። ስንት ሰዓት መንገድ ያን በረዶ እየቀየረለት መጣ ይሆን?

"ምን አደረግሁልህና ነው?" አልኩት።

"ሀሲና ነገረችኝ። ያን ዕለት በዚያ ሙቀት ጣሪያ ላይ ወጥተው መስመሩን ያስተካከሉት እርስዎ ነዎት አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም አሉ። ለእኛ ባይደርስልንም ለሌላው ይደርሳል። ይመኙሻልም እግዜር ይስጥልኝ በላቸው ብላኛለች።"

ኬብሉን እንደያዝኩ ቆምኩ። እንዲቀመጥ እንኳ አላልኩትም። እሱም ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ሊሄድ ሲል ዞር አለ።

"ቆይ ግን፣ እትዬ፣ ያን ቀን ምን ሆኖ ነው የጠፋው?"

ለአብሺር የነገርኩት ሁሉ፣ ላንተም እዚህ የጻፍኩት ሁሉ አፌ ላይ ነበር። አምላኬ ምስክሬ ነው፣ አፌ ላይ ነበር።

"ሙቀቱ ነው" አልኩት።

"አዬ ሙቀት" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "እኛንም መንገድ ላይ ጎማ እያፈነዳ የሚጨርሰን እሱ ነው። ለሙቀት ምን ይደረጋል?" እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ወጣ።

ኸሊፋ ዓሣውን ለምሳ ጠብሶ አቀረበ። እኔ ጾመኛ ነኝ አልኩት። ጾመኛ አልነበርኩም።

እስከ ሐምሌ 10 እጠብቅሃለሁ። አላህ ከመጥፎ ሁሉ ይጠብቅህ፣ ካለህበት በሰላም ያምጣህ። ምላስህን ለእውነት ያቅልልህ፤ የእኔንም ያቅልልኝ።

እህትህ
ፈዲላ